ከመሀል ወደ ዳር

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ።
ግድግዳው ተለስኗል፣ ሽቦው ገብቷል፣ ማብሪያው ተገጥሟል፤
መብራቱ ግን የለም።
ዓመት ከሁለት ወር ሆነን።
«ከመሀል ወደ ዳር ነው የሚመጣው» ይላል ገመቹ፣
የብሎካችን ኤሌክትሪሺያን፣
ቴስተሩን እንደ እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ሰክቶ፣
«እኛ ደግሞ ዳር ነን። ምን ይደረግ።»

እኔ ቀን ቀን ላቦራቶሪ እውላለሁ።
የአይጥ ግልገል፣ አምስት ቀኗ፣ ጠጉር ያላወጣች፣
የዓይኗ ቆብ እንደተሰፋ ከረጢት ድፍን ያለ።
ከዚያ ቆብ ሥር፣ ማንም ሳያይ፣ እሷም ሳታይ፣
አንድ ጂን ይበራል።
ገና ላልመጣ ብርሃን
ወጥመዱን መፍተል ይጀምራል።
ቀለም ጨምሬ በማይክሮስኮፕ ሳየው
መሀሉ ደምቋል፣ ዳሩ ገና ጥቁር ነው፤
በማግስቱ ጥቂት ይሰፋል፣
ከቀናት በኋላ ጠርዙን ይነካል።
ገመቹ ትዝ ይለኛል ያኔ፤
ብቻዬን እስቃለሁ፣ ዓይኔን ከሌንሱ ሳላነሣ።

ሕዋሷ ስትጀምር ስም የላትም።
ማንም ምንም ካላላት ቀን ትሆናለች፣
ሰማያዊ የምታይ፣ የቀን ሰው።
ሌሊት ለመሆን ግን ትእዛዝ ያስፈልጋታል፦
አንድ ፕሮቲን ይመጣል፣ ከጂኑ ደጃፍ ይቀመጣል፣
«አንቺ ለጨለማው ነሽ» ይላታል፣
የቀኑን በር ዘግቶ የሌሊቱን ይከፍታል።
ይህን ካወቅሁ ወዲህ
ማምሸት ብቻውን የሚመጣ አይመስለኝም።

የገመቹ ልጅ ኩሌ ሰባት ዓመቷ ነው።
ፀሐይ ከፉሪ ጋራ ጀርባ ስትገባ
እጇ ግድግዳ መፈለግ ይጀምራል።
«ዳፍንት ነው» አለች እናቷ አያንቱ፣
«ጉበት አብልቻት ነበር፣ ሦስት ቅዳሜ።»
ጉበት የሚመልሰው ዳፍንት አለ፣
የማይመልሰውም አለ።
የማውቀውን ነገርኳቸው፣ ግማሹን፦
ሽቦው አለ፣ የሌሊቱ ማብሪያ ላይ ግን
አንዲት ፊደል ተሳስታለች።
ገመቹ ቴስተሩን ከኪሱ አወጣ፣
አየው፣
መለሰው።

ደረጃው ላይ ግን ሁላችንን የምትመራው እሷ ናት።
አሥራ ስምንት፣ መታጠፊያ፣ አሥራ ሰባት፤
አንዷን ኮንትራክተሩ በልቷታል።
ስልኩ ባትሪ የጨረሰ ጎረቤት ሁሉ
ትከሻዋን ይዞ ይወጣል።

ከቆጣሪው ሣጥን ሥር ድመት ወልዳ ነበር፣ አራት።
በአሥረኛው ቀን ዓይናቸው ተገለጠ፣ ጉም የመሰለ ሰማያዊ፣
በዚያ ድቅድቅ ውስጥ።
«ምን ሊያዩ ነው የከፈቱት?» አለችኝ ኩሌ።
መልስ አልነበረኝም። ወተት ሰጠኋት፣ ሰጠቻቸው።

ጥቅምት ላይ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ በረንዳ ላይ ቆመን
ለገመቹ አንድ ነገር አሳየሁት፦
ደብዛዛ ኮከብ ፊት ለፊት ካዩት ይጠፋል፣
ጥቂት ከጎኑ ሲያዩት ግን ብቅ ይላል፤
የዓይን መሀል ለቀን የተመረጠ፣
የሌሊቱ ሕዋስ ዳር የተቀመጠ።
ፊቱን ዘወር አደረገ፣ ኮከቡን አገኘ።
«አየሽ፣ ለካ ዳር መሆን...» ብሎ ጀመረ፤
ኩሌ አጠገቡ ነበረች፤
አልጨረሰውም።

ኅዳር፣ ሐሙስ ማታ፣ መብራት መጣ።
ከዋናው መንገድ ተነሥቶ ብሎክ በብሎክ፣
መጨረሻ ወደኛ።
እልልታው ከፎቅ ፎቅ ተቀባበለ፣
ሰው ማብሪያውን እያበራ እያጠፋ ተጫወተ፣
ኮከቡ ከሰማይ ሄደ፣ ማንም አልጠየቀም።
ኩሌ አምፖሉ ሥር ቆማ መዳፏን አየች፣
አገላብጣ፣ ደግማ።

ለደረጃው አምፖል የሚገዛ ኮሚቴ ግን
ገና አልተመረጠም።
ዛሬም ከሥራ ስመለስ ከታች ትጠብቀኛለች፣
ትከሻዋን እይዛለሁ፣ ትቆጥራለች፦
አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፤
«እዚህ ጋ አንድ ይጎድላል፣
ተጠንቀቂ።»